የሃርድቶፕ የኋላ በር በስኮርታ (በትርፍ ጎማ) ክብደት ተሰነጠቀ፦ በሩ ይጠገን ወይስ ስኮርታው ወደ ፓራውልት (የኋላ መከላከያ ብረት) ይዛወር?

የፒስታ ሰው (ጎንደር)

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖች። መኪናው ላንድክሩዘር 78 ሃርድቶፕ ነው። ሥራው ከጎንደር ደባርቅ፣ ከዚያ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ጃናሞራ ነው፤ በበጋ በሳንጃ በኩልም ይወርዳል። ጎማው ከ 7.50 አር 16 ወደ 285/75 አር 16 ከተቀየረ ስድስት ወር ሆነው፤ ስኮርታውም አብሮ ተቀይሯል። ከነቸርኬው (ጎማው ከሚገጠምበት ብረት ጋር) ሚዛን ላይ 41 ኪሎ መዘነ። የተሰቀለው ፋብሪካው በበሩ ላይ በሠራለት መያዣ ነው።

አሁን መያዣው በበሩ ላይ ከታሰረባቸው ቡሎኖች የታችኞቹ ሁለቱ ዙሪያ ላሜራው ተሰንጥቋል፤ ረጅሙ ስንጥቅ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በሩን ለመዝጋት ከፍ አድርጎ መግፋት ይጠይቃል። በታችኛው ጥግ አቧራ ይገባል። የስኮርታው ዳዶዎች ደግሞ ጎንደር ላይ ጥርቅም ተደርገው ታስረው ጨነቅ ሳይደረስ ይላላሉ።

አንድ ጋራዥ «4 ሚሊ ላሜራ ከላይ ለጥፈን እንበይድበት» አለ። ሌላው «ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ላይ ጫነውና ተገላገል» አለ። ሦስተኛው ስኮርታውን የሚሸከም፣ ከፓራውልቱ የሚከፈት ክንድ እንሥራ ይላል። የምታውቁት ሰዎች ልኩን ንገሩኝ፤ በሩ ይድናል? ክንዱ የሚሠራ ከሆነስ በምን ውፍረት፣ በምን አኳኋን?

በያጁ ከአዘዞ

ወንድሜ፣ ላሜራ ከላይ ለጥፎ መበየዱን እርሳው። የበሩ ላሜራ 1 ሚሊ እንኳ አይሞላም። 4 ሚሊ ብረት ዙሪያውን ሲበየድበት በብየዳው ጠርዝ ላይ አንዱ ወገን የማይተጣጠፍ፣ ሌላው የሚተጣጠፍ መስመር ይፈጠራል። ቀጣዩ ስንጥቅ በዚያ መስመር ይሄዳል፤ ያኔ የሚቆረጠው 4 ሴንቲ ሳይሆን የላሜራው ዙሪያ በሙሉ ነው።

ብየዳ ከመታሰቡ በፊት ማጠፊያው ይታይ። ስኮርታውን አውርደህ በሩን ግማሽ ክፈትና ከዳር በኩል በሁለት እጅ ወደ ላይ አንሳው። ከ 2 ሚሊ በላይ ከፍ ዝቅ ካለ የማጠፊያው ፒንና ቡሽ ተበልቷል፤ ያን ሳትቀይር በሩን ብታድሰው ድካሙ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የበሩ የጎማ ድጋፎች። በእያንዳንዱ ድጋፍ ላይ ቁራጭ ወረቀት አድርገህ በሩን ዝጋና ሳበው። ወረቀቱ ያዝ ማለት አለበት። በነጻ ከወጣ በሩ ሲዘጋ የሚደገፈው በማጠፊያውና በመቀርቀሪያው ብቻ ነው ማለት ነው፤ በፒስታ ላይ በየጉርብጡ ይንቀጠቀጣል፣ ላሜራውም እንደ ሽቦ ወዲያ ወዲህ እየታጠፈ ይደክምና ይቆረጣል። አቧራው የሚገባውም በዚሁ ነው።

ስንጥቁን ለመጠገን መያዣውንና የውስጥ ልባሱን አውጣ። ቀለሙን ፍቀህ የእያንዳንዱን ስንጥቅ ጫፍ ፈልግ፤ በዓይን ከሚታየው 3 ወይም 4 ሚሊ አልፎ ይሄዳልና አጉልተህ እይ። ጫፉ ላይ በ 3 ሚሊ መብሻ ብሳ። ክብ ቀዳዳው ስንጥቁ እንዳይቀጥል ያቆመዋል። ከዚያ በጋዝ በሚሠራው የሽቦ ብየዳ፣ በ 0.8 ሽቦ፣ ነጠብጣብ እያደረግህ፣ አንዱ ሲበርድ ሌላውን እያስከተልህ ዝጋው። በተራ ኤሌክትሮድ አይሞከርም፤ ላሜራው ይበሳል። በግራይንደር ስታስተካክለውም ላሜራውን እንዳታሳሳው።

ዋናው ጉልበት ግን ከውስጥ ነው የሚመጣው። 3 ሚሊ ብረት ቆርጠህ ከመያዣው ቀዳዳዎች በየአቅጣጫው ቢያንስ 6 ሴንቲ አልፎ እንዲሄድ፣ ማዕዘኖቹም ክብ እንዲሆኑ አድርግ። ቀጥ ያለ ማዕዘን ራሱ የስንጥቅ መነሻ ነው። ይህን ብረት አትበይደው፤ በመያዣው ቡሎኖች ብቻ ይታሰር። በሩ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቡሎኑ ሲጠብቅ ሁለቱ ላሜራዎች ይጨፈለቃሉ፤ ስለዚህ በየቡሎኑ ላይ የውስጡ ስፋት 11 ሚሊ የሆነ ወፍራም ቱቦ፣ ርዝመቱ ከክፍተቱ ጋር ልክ የሆነ፣ መሐል ይግባ። ይህች ቁራጭ ቱቦ ከተዘለለች ቡሎኑ በጭራሽ ጠብቆ አይቆይም። ቡሎኑ 10 ሚሊ፣ ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት፣ ሰፊ ራንዴላና ናይለን ያለው አዲስ ዳዶ ይሁን፤ በ 45 ኒውተን ሜትር ይጥበቅ። ናይለን ዳዶ ደጋግሞ ከተፈታ መያዙን ስለሚያጣ አሮጌውን አትመልሰው።

ጎሚስታ አራዳ

የበሩን ነገር በያጁ በሚገባ ተናግሯል። እኔ የዳዶው መላላት ላይ ላተኩር፤ ምክንያቱ ሌላ ስለሆነ።

7.50 ጎማ ወደ 21 ሴንቲ ስፋት አለው፤ 285 ደግሞ ስሙ እንደሚለው 28.5። በአንድ ወገን ብቻ ወደ 4 ሴንቲ ያህል ጨምሯል ማለት ነው። መያዣው ግን የተለካው ለቀጭኑ ነው። አሁን ስኮርታውን ስትሰቅል ቸርኬው መያዣው ላይ ሳይቀመጥ የጎማው ጎን ቀድሞ በሩን ይነካል። ዳዶውን ስታጠብቅ እጅህ ላይ ጠበቀ ይመስልሃል፤ የጨመቅኸው ግን ጎማ ነው እንጂ ብረት ከብረት አልተያያዘም። ጎማ ሲናወጥና ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ዳዶውም አብሮ ይላላል። ያ ሁሉ ግፊት ደግሞ በሩን ወደ ውስጥ፣ ቡሎኖቹን ወደ ውጭ ይስባል። ስንጥቁ ታች የጀመረው ለዚህም ጭምር ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ ዳዶዎቹን አጥብቅና በቸርኬውና በመያዣው ሰሌዳ መሐል ቀጭን ወረቀት ሞክር። ወረቀት ካለፈ ነገሩ ተገለጠ። ቸርኬው በሰሌዳው ላይ ድርቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ጎማው የበሩን የጎማ ድጋፍ ገፋ የሚያደርገው 5 ሚሊ ቢሆን ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።

ልኩን እንዲህ ታገኘዋለህ። ስኮርታውን የውስጥ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገህ መሬት ላይ አስተኛው። ቀጥ ያለ ቱቦላሬ በጎማው ላይ አጋድም። ከቱቦላሬው የታች ጠርዝ ተነስተህ ቸርኬው ከመኪናው ጋር እስከሚገጥምበት ፊት ድረስ ለካ። የመያዣው ሰሌዳ ከድጋፉ የሚወጣው በዚህ ልክ፣ 5 ሚሊ ተቀንሶ ነው። በነፃ የሚቆም ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም ክንድ ላይ ሆኖ በሩን የማይነካ ከሆነ፣ በልኩ ላይ ከ 20 እስከ 30 ሚሊ ጨምር።

ስለ ዳዶው፦ የ 78ቱ የጎማ ቡሎን 14 ሚሊ፣ ጥርሱ 1.5 ነው፤ በቀድሞው ሞዴል በ 75ቱ ግን 12 ሚሊ በ 1.5 ነበር። ሁለቱን የሚያደባልቅ አለ። የዳዶው አፍ ሾጣጣ ከሆነ የቸርኬው ቀዳዳም ሾጣጣ መሆን አለበት፤ ጠፍጣፋ ዳዶ ከሾጣጣ ቀዳዳ ጋር ከገጠመ የሚነካው በቀጭን ክር ብቻ ነውና ቀለሙ እንደተላጠ ይላላል። ሲያልቅ በነጭ ቀለም ከዳዶው እስከ ቸርኬው አንድ መስመር አስምርበት። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል፤ ቁልፍ ሳታወጣ በዓይንህ ታየዋለህ።

አንድ ነገር አደራ። መያዣ ለመሥራት ብላችሁ ጎማ የተገጠመበትን ቸርኬ እንዳትበይዱ፣ በእሳት እንዳታሞቁ። አየሩን ብታወጡት እንኳ ጎማው እስካልወጣ ድረስ አይሆንም። ውስጡ ጋዝ ፈጥሮ ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል።

መካኒክ 4 በ 4

ለጠያቂው፦ 7.50 ላይ ቢሆን ኖሮ በሩን አድሰህ ቀጥል እልህ ነበር። በ 41 ኪሎና በዚያ የጃናሞራ ፒስታ ግን የእኔ ምርጫ ክንድ ነው። በሩ በር ሆኖ ይቅር፤ ክብደቱ ሻንሲ ላይ ይረፍ።

ፓራውልቱ መጀመሪያ። በሻንሲው በሁለቱም ጫፎች ላይ ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች ይታሰር፣ ሻንሲው ላይ ምንም ብየዳ አይነካ። በእያንዳንዱ ወገን 8 ሚሊ ሰሌዳ፣ ቢያንስ አራት ባለ 12 ሚሊ 8.8 ቡሎን፣ ወደ 80 ኒውተን ሜትር። ብየዳው ሁሉ ፓራውልቱ ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ ይሠራ። የ 78ቱ ሁለተኛው ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ከኋላ ነው ያለው፤ እዚያ አጠገብ ብልጭታ የሚያስነሳ ሰው ሥራውን አያውቀውም። ለመለካት ብቻ ነጠብጣብ ብየዳ መኪናው ላይ የግድ ከሆነ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፣ የብየዳው መሬት ከሚበየደው ብረት ላይ ይያዝ።

አሁን ክንዱ የሚዞርበት ዘንግ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዘንጉን ከፓራውልቱ የላይ ፊት ብቻ ይበይዱታል። 41 ኪሎ ከዘንጉ 60 ሴንቲ ርቆ ሲሰቀል፣ ኩሽኔታዎቹ (ቤሪንጎቹ) በ 8 ሴንቲ ከተራራቁ፣ በእያንዳንዱ ላይ ወደ ጎን የሚመጣው ጫና ወደ 307 ኪሎ ነው (41 ሲባዛ በ 60 ሲካፈል ለ 8)። በ 12 ሴንቲ ሲራራቁ ወደ 205 ይወርዳል። ይህ መኪናው ቆሞ ነው፤ ጉርብጥ ላይ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዘንጉ ቢያንስ 35 ሚሊ ድፍን ብረት ሆኖ ፓራውልቱን በስቶ ያልፋል፣ ከላይም ከታችም ዙሪያውን ይበየዳል፣ በ 7018 ኤሌክትሮድ። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ውስጥ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ክፍት ካርቶን ውስጥ ያደረውን አትቀበል። የተጎታች መኪና የጎማ ዘንግ ከነሁለቱ ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ከተገኘ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ግራሶ የሚገባበት ጫፍና ከላይ ክዳን ይኑረው። ያለ ክዳን የሳንጃ አቧራ ግራሶውን በአንድ በጋ ሞረድ ያደርገዋል።

ክንዱ 60 በ 60 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ። የስኮርታው ሰሌዳ 8 ሚሊ። ሰሌዳው መሐል ላይ 108 ሚሊ የውጭ ስፋት ያለው ቀለበት በይድበት፤ የዚህ መኪና ቸርኬ የመሐል ቀዳዳው 110 ሚሊ ስለሆነ ልክ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ክብደቱን ቀለበቱ ይሸከማል፣ ስኮርታውን ከሰሌዳው ጋር የሚያስሩት ሦስቱ ቡሎኖች ደግሞ መጨበጥ ብቻ ይሆናል ሥራቸው። አንድ ሰው ብቻውን ሲሰቅለውም መጀመሪያ ቀለበቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ከዚያ ቀዳዳውን ፈልጎ ዳዶ ያስገባል። ቡሎኖቹ በ 150 ሚሊ ክብ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ቸርኬውን ራሱን አስተኝተህ በቀዳዳው ምልክት ብታደርግ አትሳሳትም።

መቀርቀሪያውን የክብደት ተሸካሚ እንዳታደርገው። የክንዱ ጫፍ ሲዘጋ ተዳፋት ባለው ብረት ላይ ወጥቶ ከ 3 እስከ 5 ሚሊ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ክብደቱን ተዳፋቱ ይይዛል፤ መቀርቀሪያው ወደ ውስጥ ጨምቆ ብቻ ይይዘዋል። እጀታውን ተጭነህ ስትዘጋ መሐል ላይ ከብዶህ ከዚያ ጠቅ ብሎ የሚያልፈው ዓይነት ይሁን፤ በዚያ ላይ በሰንሰለት የታሰረ የደህንነት ፒን። ክንዱና ተዳፋቱ መሐል ጠንካራ ጎማ ይግባ።

ክፍቱን የሚያቆመው ነገርም አይረሳ። ዳገት ላይ ቆመህ ስትከፍተው 41 ኪሎ በራሱ ተመልሶ ይመጣል፤ እግር ይሰብራል። በ 90 ዲግሪ ላይ የሚገባ ፒን በቂ ነው።

የፒስታ ሰው

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ወረቀቱን ሞከርኩት፤ በቸርኬውና በሰሌዳው መሐል ከላይ በኩል በነጻ አለፈ። ጎሚስታው እንዳለው ነው። ማጠፊያው 3 ሚሊ ያህል ይንቀሳቀሳል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ክንዱ እስኪሠራ ሦስት ሳምንት ቢወስድ ስኮርታው የት ይቆይ? ፖርቶመጋላው ላይ ለጊዜው ቢሆንስ?

መካኒክ 4 በ 4

ለጊዜው ከሆነ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ አስተኛው፤ የመቀመጫ ቀበቶው ወይም ወንበሩ በታሰረበት ጠንካራ ነጥብ በሁለት ባለማጥበቂያ ቀበቶ በቸርኬው ቀዳዳ አሳልፈህ ጥፈር። ሳይታሰር ከሆነ ግን በጭራሽ፤ ፍሬን ሲያዝ 41 ኪሎ ሰው ላይ ይመጣል።

ጣሪያ ላይ ከሆነ መንገዱን አስብ። ከሳንቃበር ወዲያ መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነበለባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሊማሊሞንም የምትወርድ ከሆነ ጠመዝማዛው ያው ነው። ከ 2 ሜትር በላይ ላይ የተጫነ 41 ኪሎ መኪናውን በየጠመዝማዛው ያጋድለዋል። የግድ ሲሆን በፖርቶመጋላው የፊት ጫፍ አይሁን፤ ከመሐል፣ በተሻጋሪዎቹ ብረቶች ላይ ተጋድሞ ይቀመጥ። በመሐል ቀዳዳው 16 ሚሊ ባለጥርስ ዘንግ ይለፍ፤ ከታች ሁለት ተሻጋሪ የሚይዝ 10 ሚሊ ብረት፣ ከላይ የቸርኬውን ቀዳዳ የሚከድን ሰሌዳና ሁለት ዳዶ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጠባብቆ። ከዚያ በተጨማሪ በመስቀል ሁለት ቀበቶ። የናይለን ገመድ ዝናብ ሲመታው ይረዝማል፤ ደባርቅ ላይ የጠበቀው ከአንድ ዝናብ በኋላ ልል ነው።

ከዳባት (ሃይሉክስ)

ይቅርታ በመሐል ገባሁ። የሃይሉክስ ስኮርታ ከሥር በሰንሰለት ነው የሚሰቀለው። እየሄድሁ ኳ ኳ ይላል። ምን ላድርግ?

ጎሚስታ አራዳ

እህቴ፣ ኳ ካለ ወይ ሰንሰለቱ ሙሉ አልተሳበም፣ ወይ የሚይዘው ሳህን በቸርኬው መሐል ቀዳዳ ላይ ተጣምሞ ተቀምጧል። በማኖቤላው (በማዞሪያ እጀታው) ዝቅ አድርጊው፤ ሳህኑን በእጅሽ አስተካክለሽ ቀስ እያልሽ ሳቢው። ጎማው ሻንሲውን ከነካ በኋላ ማኖቤላው ከብዶ እስኪቆም ድረስ ይጠብቅ። ከዚያ ከሥር ሆነሽ በሁለት እጅሽ ነቅንቂው፤ ከተነቃነቀ አልጠበቀም። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ደግሞ ይታይ፤ ጎማው ቦታውን ሲይዝ ሰንሰለቱ ትንሽ ይላላል።

ሌላው የዚህ ዓይነቱ መያዣ ጠላት ጭቃ ነው። ክረምት አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ማዞሪያው ይይዝና ጎማ በፈነዳ ቀን አልወርድ ይላል። በየሦስት ወሩ እስከ መሬት አውርደሽ ሰንሰለቱን እጠቢ፣ ዘይት አጠጪ፣ መልሰሽ ስቀዪ። እግረ መንገድሽን አየሩን ሙዪ። ለጥንቃቄ አንድ አጭር ሰንሰለት በቸርኬው ቀዳዳና በሻንሲው ተሻጋሪ ብረት ዙሪያ ይታሰር፤ በፍሬን ቱቦውና በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ላይ ግን እንዳያልፍ።

ለሁላችሁም፦ ስኮርታ የሚያረጀው በመንገድ ሳይሆን በፀሐይና በዕድሜ ነው። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች እዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመት ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። 2319 ከሆነ በ 2019 ዓመት በ 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ጎኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለው መንገድ ላይ አያደርሳችሁም። አየሩንም ከሚነዳበት በ 5 ፒኤስአይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ መቀነስ ይቀላል፣ መንፋት ግን ጨነቅ ላይ ከባድ ነው።

የፒስታ ሰው

ክንዱን እንዲሠራ ተስማምቻለሁ፤ ዘንጉ ፓራውልቱን በስቶ እንዲያልፍ፣ ቀለበቱም 108 ሚሊ እንዲሆን። ማጠፊያው ይቀየራል። በሩ ላይ ከእንግዲህ ምንም ካልተሰቀለ የውስጥ ብረቱ ያስፈልጋል? ታርጋውስ?

በያጁ ከአዘዞ

ስኮርታው ከወረደ የውስጥ ብረቱን ተወው፤ ስንጥቁን በስተህ ዝጋ፣ የመያዣውን ቀዳዳዎች በጎማ መክደኛ ድፈን፣ ውስጡን አንቲረስት ቀባ። ስኮርታው ታርጋውን ወይም የኋላ መብራቱን ከሸፈነ ታርጋው ከነመብራቱ ወደ ክንዱ ይዛወር፤ ሽቦው በዘንጉ በኩል ሲያልፍ ክንዱ ሲከፈት እንዳይወጠር 20 ሴንቲ ትርፍ ተውለት።

አንቲረስቱን ስትቀባ በበሩ የታች ጠርዝ ያሉትን ትናንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳትደፍናቸው። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በካቻቢቴ ጫፍ አንድ በአንድ ክፈታቸው።